ስሜን ፍለጋ ወደ ፍራንክፈርት

ፍራንክፈርት ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ፎቆቹ፣ ስለ ወንዙና ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ስፋት ያወራል። እኔ እንደዚህ ያለ ወሬ የለኝም። ፎቆቹን ያየኋቸው በባቡር መስኮት ነው። ወንዙንም ሽመልስ "ያውልህ ማይን" ብሎኝ ዞር እስክል ድልድዩ አልቆ ነበር። በስምንት ቀን ውስጥ በደንብ ያየሁት አንድ ሳሎን፣ አንድ ምድር ቤትና ስልሳ ሦስት ካሴት ነው። አገር ማየት የፈለገ አንባቢ ሌላ ተጓዥ ይፈልግ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ናዝሬት ውስጥ ካሴት ቤት ነበረኝ። ዛሬ በዚያው ቤት የሞባይል ካርድና የስልክ ሽፋን እሸጣለሁ፤ በደጉ ዘመን ግን ወደ ድሬዳዋ የሚያልፉ ዘፋኞች እኔ ጋ ጎራ ሳይሉ አይሄዱም ነበር። ከእነሱ አንዱ ንጋቱ ነው። ንጋቱ ስድስት አልበም አለው፤ ሦስቱ ድንቅ ናቸው፣ ሁለቱ ደህና ናቸው፣ ስድስተኛውን ዘመዶቹም አይሰሙትም። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን በሲጋራ ወረቀት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

ባቡሩም አለፈ፣ ጣቢያውም ፈረሰ፤
የሚጠብቅ ልቤ ቤት አልተመለሰ።

እውነቱን ለመናገር ጣቢያው ያኔ ደህና ቆሞ ነበር። ቤት እንዲመታልኝ ነው ያፈረስኩት። ንጋቱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በዓመቱ ሁለተኛው አልበሙ ሲወጣ ሁለቱ ስንኞቼ የአንዱ ዘፈን አዝማች ሆነው መጡ። ሽፋኑን ገልብጬ ባይ "ግጥም፦ የሕዝብ" ይላል።

ግጥሙ የእኔ ነው ብዬ ለከተማው ተናገርኩ። ከተማው ሳቀና አቶ ሕዝብ የሚል ስም አወጣልኝ። "አቶ ሕዝብ፣ እስቲ አንድ ባዶ ካሴት ስጠን" እየተባልኩ ስንት ዓመት ነገድኩ። ባለቤቴ እንኳ ስትቆጣ የምትጠራኝ በዚሁ ነው።

መመኪያዬ ሽመልስ ነበር። ሽመልስ አብሮ አደጌ ነው፤ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ጀርመን ሄዶ እዚያው ቀረ። ንጋቱ ከነባንዱ ፍራንክፈርት ሄዶ ሲዘፍን ሽመልስ ቴፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ኮንሰርቱን ቀዳ። ከዚያም ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ "ደጀኔ፣ ደስ ይበልህ! ያንን ዘፈን ከመጀመሩ በፊት መድረክ ላይ ሆኖ ስምህን ጠራ። ቀድቼዋለሁ" ይላል። እኔም በተራዬ ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበራቸው፣ ያኔ ማንም ሊቀዳበት አይችልም ብዬ እንደ ባለሙያ መከርኩት። ደብዳቤውን እየዞርኩ አሳየሁ። ሰዉ አንብቦ "ይሄማ ጓደኛህ የጻፈው ወረቀት ነው" አለኝ። ካሴቱን ላክልኝ ብለው፣ ዘንድሮ፣ ሰው ሳገኝ፣ ለፋሲካ ሲል ሃያ ምናምን ዓመት አለፈ።

የሚሌኒየሙ በዓል ካለፈ በሁለተኛው ዓመት ንጋቱ ሞተ። ሬዲዮ ሕይወቱን ሲተርክ ያንን ዘፈን አጫወተና "ግጥሙ ከሕዝብ የተገኘ ነው" አለ። ደወልኩ። ጋዜጠኛው በትህትና "ማስረጃ አለዎት ጋሼ?" አለኝ። ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ "አባዬ፣ ተወው በቃ" አለችኝ። እንዳፈረችብኝ ፊቷ ላይ አየሁት። በከተማው ሳቅ ለምጃለሁ፤ የልጄን ማፈር ግን አልቻልኩትም። በዓመቱ ሽመልስ የግብዣ ወረቀት ላከልኝ፣ ቪዛውም ተሰጠኝ። ማመልከቻው የጉዞዬን ዓላማ ሲጠይቅ "ዘመድ ጥየቃ" ብዬ ሞላሁ። ስምን ለመስማት የሚል ምርጫ አልነበረውም።

ረቡዕ ተነሳሁ። ከናዝሬት ቦሌ ሁለት ሰዓት ነው ይባላል፤ ይህን የሚሉት ከሞጆ እስከ ደብረ ዘይት ከጭነት መኪና ኋላ ተደርድረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። እቅፌ ውስጥ ትልቁ ቴፔ ነበር። ሽመልስ በስልክ "እኛ ቴፕ የለንም፣ ጥለነዋል" ስላለኝ ነው የያዝኩት። ቴፕ የሌለው ሰው ካሴቱን በምን ይሰማዋል ብዬ አለመጠርጠሬን ሳስብ ዛሬ ራሴን እታዘባለሁ።

ቦሌ ፍተሻው ላይ አንዲት ወጣት ቴፑን አገላብጣ "ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?" አለችኝ። ቴፕ ነው አልኳት። "ምን ያደርጋል?" አለች። አስረዳኋት። ሁለት ባልደረቦቿን ጠራቻቸውና ሦስቱም ቆመው እንደ ቅርስ ጎበኙት። ዕድሜዬን የነገረኝ የመጀመሪያው መንግሥታዊ አካል ይህ ፍተሻ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ልጄ በትንሿ ማጫወቻ የጫነችልኝን ስድስቱን አልበሞች ከመጀመሪያው ጀምሬ ልሰማ ተዘጋጀሁ። ማሽኗ ግን የራሷ አሳብ ነበራት፤ የአንደኛውን አልበም አንድ ዘፈን አሰማችኝና ወደ ስድስተኛው ዘለለች። አደባልቆ መስማት ለካ ጥሩ ነገር ነው፤ ሰውየው እንዴት እንደተጎዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በመጀመሪያው አልበም ሙሉ ባንድ አለ፤ ሳክስፎን ነፊው ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። በሦስተኛው ባንዱ ተመናምኗል። በአምስተኛው ከበሮውም ጊታሩም ሳክስፎኑም አንድ ኪቦርድ ሆኗል። በስድስተኛው ኪቦርዱ ዘፍኖ ንጋቱ የተቀበለው ይመስላል።

እኔ ከድሮም ከአልበም ይልቅ የመድረክ ቅጂ ነው የምወደው። መድረክ ላይ ንጋቱ ያስላል፣ ግጥም ይጠፋበታል፣ ከፊት የተቀመጠውን ሰው ይተርባል። አልበም ላይ ሁላችንም ሕዝብ ነን፤ መድረክ ላይ ሰው በስሙ ይጠራል። የቀሩትን የመድረክ ቅጂዎቹን ሁሉ ሱቄ ውስጥ ቆልፌ አስቀምጫቸዋለሁ። የጎደለችኝ የፍራንክፈርቷ ብቻ ናት።

ሐሙስ ጠዋት ደረስኩ። ሽመልስ የለም። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ናዝሬት መናኸሪያ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አራት ሰው "ማንን ፈልገህ ነው?" ብሎኝ፣ አንዱም ቤቱ ወስዶ ምሳ አብልቶኝ ነበር። እዚህ ሺህ ሰው አለፈ፤ የቀረበኝ የጽዳት ማሽን ብቻ ነው፣ እሱም እግሬን እንዳነሳ ፈልጎ። ለካ የመንገደኞች ሕንፃው ሁለት ነው፤ ሽመልስ በሌላኛው ቆሞ እኔን ይረግማል። በሁለተኛው ሰዓት በሩጫ ሲመጣ አየሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ተቃቅፈን አለቀስን። ወዲያው ቴፑን ተቀበለኝና "ይሄን ለምን ተሸከምክ?" አለ።

"ካሴቱን ልሰማበታ!"

"እሱማ… ልክ ነህ" አለና ቀድሞኝ ሄደ።

በባቡር፣ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ሰፈሩ ወደ ኡንተርሊደርባህ ሄድን። ባቡሩ ውስጥ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ የተኳረፈ ይመስላል። ማንም አይጮህም፣ ረዳት የለም፣ "ወራጅ አለ" የሚል የለም፤ በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ራሱ ይዘጋል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሽመልስን ስለ ካሴቱ ስጠይቀው በጣቱ አፉን ከደነ።

ባለቤቱ ወይንሸት በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ፣ ፊቷ የሚያበራ ሴት ናት። ሁለቱም ጌታን ከተቀበሉ፣ ማለት ጴንጤ ከሆኑ፣ አሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው የተዋወቁትና የተጋቡት። ይህን በስልክ አውቃለሁ። የማላውቀው የጸሎታቸውን ርዝመት ነበር። ምሳው ቀረበ፤ ዶሮ ወጥ፣ አይብ፣ ጎመን። ወይንሸት ስለ መንገዴ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ናዝሬትና ስለ አውሮፕላኑ አብራሪ ጸለየች። ስንቆርስ ወጡ ቀዝቅዞ ነበር። ይዛ ተነሳችና አሙቃ መለሰችው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ትጸልያለች ብዬ በፍጥነት ጎረስኩ።

"ካሴቱስ?" አልኩ በጉርሻ መሀል።

"ኬለር ነው ያለው" አለ ሽመልስ። ኬለር የሚሉት በየሕንፃው ሥር ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ምድር ቤት ነው። "ዛሬ ድካምህ ይውጣልህ።"

ዓርብ ሽመልስ ገና በጠዋቱ ወደ መጋዘን ሥራው ሄደ፣ ወይንሸትም ወጣች። ብቻዬን ብሆን ጊዜ ከናዝሬት የያዝኩትን ሁለተኛ አልበም ቴፑ ላይ አደረግኩና ድምፁን እንደ ካሴት ቤት ሰው ከፈትኩት። የእኔ ዘፈን ላይ ሲደርስ በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት ጀርመናዊት ባልቴት ናቸው። ደስ አለኝ፤ ናዝሬት ውስጥ ዘፈን ከፍቼ ጎረቤት ከመጣ ሊያደንቅ ነውና። "ይግቡ፣ ይግቡ" ብዬ ወንበር ሳብኩ፣ ዳቦም አቀረብኩ። እሳቸው ሰዓታቸውን እያሳዩ ረጅም ንግግር አደረጉ። አንገቴን እየነቀነቅኩ "ንጋቱ! ንጋቱ!" አልኳቸው። ስሙን እንዲይዙት ብዬ ነው። ዳቦውን ሳይነኩ ሄዱ። ሽመልስ ሲመለስ ደረጃው ላይ ይዘውት በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለሁለት ሰዓት በሕንፃው ዝም እንደሚባል አስታወሱት። ቀትር ላይ የሚተኛ ሕዝብ እንዴት ይህን ሁሉ ፋብሪካ እንደሠራ አልገባኝም።

ቅዳሜ ሽመልስ ንጋቱ የዘፈነበትን አዳራሽ ላሳይህ ብሎ ወደ ቦከንሃይም ወሰደኝ። የድሮ ዩኒቨርሲቲ ሰፈር ነው፣ ትንንሽ ሱቅና ካፌ የበዛበት። አዳራሹ ተዘግቷል። በሩን ስንነካካ አንድ ጠባቂ ብቅ ብሎ ሽመልስን አናገረው።

"ምን አለ?"

"ቴርሚን አላችሁ ወይ ነው የሚለው። ቀጠሮ።"

"ልናየው ነው እንጂ ልናገባው ነው እንዴ?"

ቴርሚን አልነበረንም። በመስኮቱ አጮልቄ የተደረደሩ ወንበሮች አየሁ። ሽመልስ በእጁ እያሳየ "መድረኩ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሦስተኛው ረድፍ። ማሞቂያው አይሠራም፤ ሰው ሁሉ ካፖርቱን አላወለቀም" አለ። ካሴቱን ዛሬ እንሰማዋለን ስለው ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ካፌ አስገባኝ፣ ኬክ አዘዘልኝ፣ የራሱንም ኬክ ወደ እኔ ገፋው። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ሽመልስ ከልጅነቱ ጣፋጩን ለሰው የሚሰጠው ሲያጠፋ ብቻ ነው።

"ደጀኔ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ግን አትጩህ፤ እዚህ አይጮህም።"

"ንገረኝ።"

"ካሴቶቹ አሉ።"

"ተመስገን!"

"አሉ… ግን ስብከት ተቀድቶባቸዋል።"

ጌታን የተቀበለ ጊዜ ወይንሸት ዘፈን የተባለ ሁሉ ከቤት ይውጣ አለችው። ሌሎቹ ምእመናን ካሴታቸውን ያቃጥሉ ነበር። ሽመልስ ግን ጀርመን ብዙ ኖሯል፤ የሚሠራ ዕቃ መጣል አይሆንለትም። ስለዚህ በየእሑዱ የፓስተሩን ስብከት በላያቸው ላይ ቀዳ።

"ፕላስቲኮቹን ስበር ብዬህ አልነበረም?"

"ሰብሬያቸዋለሁ፤ እንዳልከኝ።"

"ታዲያ እንዴት ተቀዳ?"

"ፕላስተር ለጠፍኩባቸው።"

ያቺ ፕላስተር ናት የገደለችኝ። ሰው ሳያውቅ ቢያጠፋ ይቅር ይባላል። ፕላስተር ፈልጎ፣ በመቀስ ለክቶ ቆርጦ፣ ቀዳዳው ላይ ለጥፎ የሚያጠፋ ሰው ግን አስቦበት ነው። ሹካዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ሲጠራኝ ዞር አላልኩም። ፊት ለፊቴ የመጣው ትራም ላይ ወጣሁና ሁሉም ሰው እስኪወርድ ተቀመጥኩ። ተቆጥቶ መሄድ ናዝሬት ላይ ቀላል ነው፤ የትም ብትሄድ ቤትህ ትደርሳለህ። እዚህ መጨረሻው ጣቢያ ፌኸንሃይም የሚባል የፋብሪካ ሰፈር ሆነ፤ ዝናቡም ጀመረ።

ሳማተር አንድ ሱቅ መስኮት ላይ በአማርኛ "በርበሬ መጥቷል" የሚል ወረቀት አየሁ። እንደዚያ ያለ የሚያምር ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም። ባለሱቁ ኑሪ የሚባል የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ የድሬ ሰው ነውና አንቱታ አያውቅም። "አቦ ግባ! በስብሰሃል እኮ!" ብሎ ፎጣ ወረወረልኝ፣ ሻይ ቀዳልኝ፣ ከሱቁ ጓዳ የራሱን ካልሲ አምጥቶ አለበሰኝ። ታሪኬን ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ።

"ሰባኪው ግን ስንት ሰዓት ነው የሚያወራው?" አለኝ።

እንዲሁ ለቀልድ ነው የጠየቀው፤ እኔ ግን ብድግ አልኩ። ሃያ ዓመት ካሴት ቀድቻለሁ። የዘጠና ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ስብከቱ አርባ ደቂቃ ላይ ካለቀ አምስቱ ደቂቃ ያልተነካ ነው ማለት ነው። ከስብከቱ ጭራ በኋላ ንጋቱ አለ! ከኑሪ ስልክ ሽመልስ ጋ ደወልኩና ሰላም ሳልለው "ፓስተራችሁ ስንት ደቂቃ ይሰብካል?" አልኩት። "እንደ መንፈሱ ነው" አለ። መጥቶ ወሰደኝ። ኑሪ ካልሲውን አልቀበልም አለ።

እሑድ ወይንሸትን ማስፈቀድ ነበረብን። ዘፈን ቤቷ አይገባም። እኔም በሱቅ ነጋዴ አንደበት "እኛ የምንሰማው ስብከት ነው፤ ከስብከቱ በኋላ የሚመጣውን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ" አልኳት። አሰበችበት።

"ጋሽ ደጀኔ፣ ስብከቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሰሙ ከሆነ እኔ ምን ከፋኝ? ግን ዛሬ ደግሞ አብረውን አምልኮ ይመጣሉ።"

ሄድኩ። ከጀርመኖች የተከራዩት አዳራሽ ነው፤ ወንበሩን ራሳቸው ይደረድራሉ፣ ራሳቸው ይመልሳሉ። በተክሊል ያገባሁ ኦርቶዶክስ ነኝና ከኋላ ተሸሽጌ ተቀመጥኩ። አገልግሎቱ መሀል ላይ መሪው "ከናዝሬት የመጣ እንግዳ አለን፤ እስቲ ይነሳልን፤ ስሙን ይንገረን" አለ። ተነሳሁ፣ ነገርኳቸው። "ወንድም ደጀኔ!" ሲል በማይክራፎን አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። ይኸው በፍራንክፈርት መድረክ ስሜ ተጠራ፤ መድረኩ ብቻ ነው የተሳሳተው።

ሰኞ ከኬለሩ ሦስት ካርቶን አወጣን። ስልሳ ሦስት ካሴት፣ በየላያቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ተጽፎባቸዋል። ስንቱ ከኮንሰርቱ፣ ስንቱ ከሠርግ፣ ስንቱ ባዶ እንደነበረ ሽመልስ አያስታውስም። ወይንሸት እቤት ስትሆን ከመጀመሪያው እንሰማለን፤ ሥራ ስትሄድ ወደ ጭራው እናጠነጥናለን። አንዳንዴ ቦርሳዋን ረስታ ስትመለስ "ምን ላይ ደረሳችሁ?" ትለናለች፤ እኔ ደግሞ "ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ላይ" እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ እሆን ነበር። ለስም የሚሟገት ሰው ስለ ትሕትና በሁለት ቀን ሃያ ስብከት ሲሰማ ምን እንደሚሰማው ማንም አልጠየቀኝም።

ብዙው ካሴት ፓስተሩ አሜን ሳይል ነው የሚያልቀው። ሰውየው ከአርባ አምስት ደቂቃ በታች መናገር አይችልም። የአንዱ ጭራ ላይ የሆነ ሰው ሠርግ አገኘን። በሃያ ስድስተኛው ግን ስብከቱ ቋ ብሎ ቆመና ጭብጨባ መጣ፤ ከጭብጨባው ውስጥ ንጋቱ "የፍራንክፈርት ልጆች፣ ብርዱን እንዴት ቻላችሁት?" አለ። እኔና ሽመልስ ሳናስበው ብድግ አልን። ሁለት ደቂቃ ነው። የአንደኛውን አልበም ዘፈን ነው የሚዘፍነው፣ ግን ድምፁ ሻክሯል፣ ደክሞታል፤ በአልበሙ ላይ እያሳመረ የሚያልፈውን ቦታ እዚህ እንደሚጨነቅ ሰው ነው የሚያወጣው። ሰላሳ ዓመት ያንን ዘፈን ሳዳምጥ የፍቅር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ ሞተ ሰው ነው። ሽመልስ ዓይኑን ጨፍኖ በከንፈሩ ይከተለዋል። አንድም ቃል አልረሳም።

ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። አርባ አንደኛው ላይ ነበርኩ።

"ደጀኔ፣ ይቅርብን።"

"ምኑ ነው የሚቀረው? ሃያ ሁለት ብቻ ነው የቀረን!"

"ባይገኝ ይሻልሃል።"

"ለምን?"

"እንዲሁ" አለና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ወይንሸት ቤት ውስጥ ጫማ አታስገባም። እኔ አርባ ሁለተኛውን ከተትኩ።

ፓስተሩ ስለ እውነት እየሰበከ ነበር። ይህን ለማሳመር ብዬ የጨመርኩት አይደለም፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ ተጽፏል። በደህና ጊዜ አሜን አለ። ቋ። ከዚያ የሰው ጫጫታ፣ ጊታር የሚቃኝ ሰው፣ ከዚያም ንጋቱ፦

"ይህን ግጥም የሰጠኝ አንድ የናዝሬት ልጅ ነው። ካሴት ቤት አለው። ስሙ… ስሙ ጠፋብኝ፤ ማን ነበር?"

ሰው ሳቀ። ንጋቱም ሳቀ። "ጥሩ ልጅ ነው እንግዲህ፣ ናዝሬት…" ብሎ ሊያልፈው ሲል ከመቅጃው ማይክ አጠገብ የሆነ ወጣት ቴፑ እስኪንተረተር ጮኸ፦

"ደጀኔ! ደጀኔ ነው! ደጀኔ በል!"

"ማ?"

"ደጀኔ!"

"እሺ፣ ደጀኔ" አለ ንጋቱ። "በቃ ከወንበሩ ላይ ውረድ ወንድሜ፣ ትወድቃለህ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባንዱ ገባ። ንጋቱ "ባቡሩም አለፈ" ሲል ካሴቱ አለቀ።

ሽመልስ ወለል ወለሉን ያያል። "ስምህን ጠራ ብዬ ጻፍኩልህ። ጠርቷል… ግን እንደሰማኸው ነው" አለኝ። "ያኔ እንድትደሰት ብዬ ነው። ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ስንት ጊዜ ልነግርህ ስልክ አንስቻለሁ። አንተ ደግሞ ገና ሃሎ ሳልልህ ስለ ካሴቱ ትጀምራለህ። ስብከቱን ስቀዳበትም… ቢጠፋ ብዬ ነው። ይቅር በለኝ።"

ሃያ ምናምን ዓመት አንድ ትልቅ ሰው ስሜን አስታወሰ እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። አላስታወሰውም። በዚያ ቀዝቃዛ አዳራሽ ውስጥ ስሜን የያዘው ይኸው ፊቴ የተቀመጠው ሰው ነበር፣ እኔም ባለፈው ቅዳሜ ኬክ ላይ ጥዬው የሄድኩት። አፈርኩ። ያሳፈረኝ ግን ንጋቱ አይደለም። አቀፍኩት፤ "ቢያንስ ጫማህን አውልቅ፣ ሚስትህ ትገድለናለች" አልኩት።

ለካ ወይንሸት በሩ ላይ ቆማለች። ቁልፏ በእጇ ነው። ዘፈኑን እንደሰማች ገባኝ፤ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ።

"ያ የሚጮኸው ማነው?" አለች።

"ባልሽ ነው" አልኳት።

ሽመልስን ያወቀችው ጎልማሳ፣ ዝምተኛ፣ ወንበር የሚደረድር አገልጋይ ሆኖ ነው። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ቴፑ አጠገብ ተንበረከከች፣ "እስቲ ድገሙት" አለች። ደገምነው። አሁንም ድገሙት አለች። በአራተኛው ላይ ባሏን ቀና ብላ እያየች ትስቅ ነበር፤ እንባዋም ይወርዳል።

ረቡዕ ከመውጣቴ በፊት ካሴቱን ልወስድ እጄን ዘረጋሁ። ወይንሸት አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው። "ይሄ ከዚህ ቤት አይወጣም ጋሽ ደጀኔ" አለችኝ፤ ዘፈን ከቤት ይውጣ ያለችው ሴት። ስልኬ ላይ ልቅዳው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ቴፑንም ትቼላቸው መጣሁ፤ ያለ እሱ ካሴቱ ምን ያደርግላቸዋል።

ናዝሬት እንደደረስኩ ሱቁ በሰው ሞላ። "ካሴቱስ?" አሉኝ። "ስብከት ተቀድቶበታል" አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ፤ አብሬ ሳቅኩ። ለልጄ ግን ለብቻዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ የንጋቱን መርሳት፣ የወንበሩን፣ የጩኸቱን። ጨርሼ ፊቷን ፈራሁት። እሷ የጠየቀችኝ "ጋሽ ሽመልስን መቼ ነው የምትጋብዘው?" ብላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሽመልስ ደውሎ ነበር። ወይንሸት እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ፣ ምሳ ከመቅረቡ በፊት፣ ያንን ካሴት ታስከፍተዋለች አለኝ። ከታች ያሉት ባልቴትም በዚያ ሰዓት ዝም ይባላል ብለው ሦስት ጊዜ አንኳኩተዋል። ወይንሸት በሩን ከፍታ "አንድ ደቂቃ ብቻ" ትላቸውና ትዘጋለች። ከዚያ ጮክ ብሎ ስሜ ይጠራል።